ዘጠኝ ዓመት ጭጭ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋን የሞላው ጸሐፊ ብቻ ናቸው። ጸሐፊውም ረስቶታል። ለቀረው ሕዝብ ጭጭ ናት። ጭጭ አለፈች፣ ጭጭ አውቶቡስ ያዘች፣ ጭጭ ጠጉሯን ተሠራች። አሁን በትልቁ አዳራሽ ፊት ለፊት ፎቶዋ ሁለት ፎቅ አክሎ ተሰቅሏል፤ ማይክራፎን ጨብጣለች፤ አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቷል፤ ከሥሩ ደግሞ በጉልህ ፊደል «ጭጭ» ተብሎ ተጽፏል። ታሪኩን የማያውቅ መንገደኛ ማስታወቂያውን የሠሩት ሰዎች ቀምሰው የሠሩት ይመስለዋል።

ስትፈጠር ዝምተኛ አልነበረችም። ለፍላፊ ብንላት እንኳ ለፍላፊዎች ስማችን ጠፋ ብለው ይከሱናል። በሃያ ሁለት ዓመቷ አውቶቡስ መናኸሪያ ተቀጥራ፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ የአውቶቡሶቹን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ትናገር ነበር። ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ማንም አያውቅም። መስኮቱን ትከፍትና በአፏ ብቻ ታስታውቃለች፤ ያመለጠው ተሳፋሪም የለም። ከመናኸሪያው ሁለት ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት ሴትዮ «የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ተነሥቷል» ሲባል ሰምታ ድስቷን ከእሳት ታወርድ ነበር፤ ሰዓትም አልገዛችም ይባላል።

በዚያ ዓመት የቴሌቪዥን ጣቢያው ለአዲስ ተከታታይ ድራማ ተዋንያን እንደሚፈልግ አስታወቀ። እሷም ተመዘገበች። የተሰጣት ክፍል የአንዲት አክስት ነው፤ አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለው። አራቱን ዐረፍተ ነገሮች ለሁለት ሳምንት እያነበነበች እናቷን አሰለቸቻቸው። የፈተናው ሳምንት ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደ። አውቶቡስ ሁሉ ዘገየ። ለእያንዳንዱ መዘግየት በመስኮቱ ብቅ እያለች ይቅርታ ስትጠይቅ፣ በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ጥሏት ሄደ። ሹክሹክታ እንኳ አላስቀረላትም።

እንዲያም ሆኖ ሄደች። ተራዋ ደርሶ መድረኩ ላይ ቆመች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። እንደገና ሞከረች፤ ምንም። እንባዋ ግጥም አለ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ይሄኔ ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ቆመ።

«ይኼ ነው!» አለ። «ሦስት መቶ ሰው ሲለፈልፍብኝ ዋለ። ይህቺ ግን አልተናገረችም! ገባችሁ?»

«አልገባንም» አሉ ረዳቶቹ።

«ለዚህ ነው እኔ ዳይሬክተር የሆንኩት» አላቸው፤ አራቱን ዐረፍተ ነገሮችም እዚያው በእስክሪብቶ ሠረዛቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ድምፅዋ ተመለሰ። ደስታዋን ለማካፈል ቢሮው ድረስ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ የምሥራች! ድምፄ መጣልኝ!»

ዳይሬክተሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ስልኩንም ነቀለ።

«ማን ሰማሽ?»

«ጥበቃው፣ ጸሐፊዋ... ደግሞ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይሰማሽ።»

ውሏ ላይ አንቀጽ አሥራ አንድ የገባው ያን ዕለት ነው። ድራማው በአየር ላይ እስካለ ድረስ ተዋናይዋ ከቤቷና ከስቱዲዮው ውጭ፣ በሰው ፊት ድምፅ አታሰማም። እሷም ፈረመች። ቢበዛ ስድስት ወር ነው ብላ ነው። ለስድስት ወር ማን ዝም ማለት ያቅተዋል?

አልገባትም ነበር እንጂ የድራማው ሞተር እሷ ነበረች። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ትልቅ ቤተ ሰብ ቤት ይቃጠላል። ማን እንዳቃጠለው ያየችው አክስቲቱ ብቻ ናት። በድንጋጤ መናገር ታቆማለች። አገር ምድሩ በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰየመው አክስቲቱ ዛሬ ትናገር ይሆን እያለ ነው። ከተናገረች ደግሞ ድራማው አለቀ። ስለዚህ ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ይወድቃል፣ ሰሃን ይሰበራል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ አፏን ከፍታለች። ከአርባ አንዱ ሠላሳውን ያመከነው ሰሃን ነው። በከተማው ውስጥ የሰሃን ነጋዴዎች ሁሉ ዳይሬክተሩን ከሩቅ ቆብ አንሥተው ሰላም ይሉት ነበር።

ውጭ ስትወጣማ ሌላ ድራማ ነው። ሰዉ በእውነት መናገር የማትችል አድርጎ ተቀብሏታል። ባለሱቁን ሳሙና የምትጠይቀው በእጇ ነው፤ እሱ ግን ጆሮዋም የተዘጋ ይመስል «ነ-ጩን ነው አ-ረን-ጓ-ዴውን?» እያለ ሰፈሩን ያናውጣል። የጠጉር ቤቱን ደግሞ ተዉት። እዚያ የሚሰበሰቡት ሴቶች ዝም የምትል ሰው አገኘን ብለው ሆዳቸውን ሁሉ ዘረገፉላት። ማን ማንን እንደሚጠላ፣ የማን ባል የት እንደሚያመሽ፣ የማን ልጅ ማንን እንደሚመስል፣ ጠጉሯ እስኪደርቅ ሰምታ ትጨርሳለች። ከተማው ውስጥ በእሷ ራስ ላይ ያልተራገፈ ምሥጢር አልነበረም። አፏን አንድ ቀን ብትከፍት ግማሹ ትዳር ይፈርስ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ይፈጸም ነበር።

ይህን ሁሉ ይዛ ቤት ስትገባ ለእናቷ ወየውላቸው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ማሽናቸውን እየረገጡ ነው የሚሰሟት። ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች፤ ስትበላም፣ ስታጥብም፣ ጥርሷን ስትቦርሽም አታቆምም።

«ኧረ ልጄ፣ እስቲ አፍሽን አሳርፊው።»

«እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ እኮ ነው የዋልኩት!»

«እሱማ ደመወዝ እየተከፈለሽ ነው። እኔስ ስንት ልክፈልሽ?»

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። በስቱዲዮው ውስጥ የድምፅ ባለሙያው ጋሽ ጆሮ ይባላል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ከሦስት ክፍል ማዶ የወደቀ መርፌ ሰምቶ «ቀረጻ አቁሙ!» የሚል ሰው ስለሆነ ነው። የድራማው ሳሎን መሐል ትልቅ ሶፋ አለ፤ አክስቲቱ ሁልጊዜ የምትቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ሌሎቹ ተዋንያን በዙሪያዋ ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ጆሮ ማይክራፎን የሚደብቅበት ሲፈልግ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ ከተተው፤ አንደኛው ተዋናይ አበባ ማስቀመጫውን አነሣው። ትራሱ ሥር አደረገው፤ ተቀመጡበት። መጨረሻ ላይ ከሁሉም መሐል የማትንቀሳቀሰውና የማትናገረው እሷ መሆኗን አየ። ደረቷ ላይ ካለው ጌጥ ሥር ደበቀው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የዚያ ቤት ጭቅጭቅ ሁሉ የሚሰማው በእሷ ደረት ነው። ዘጠኝ ዓመት የማይክ ማንጠልጠያ ሆና ኖረች።

ቀረጻ ደግሞ ከመቅረጽ ይልቅ መጠበቅ ነው። አንድ ትዕይንት አልቆ ሌላው እስኪጀመር መብራቶቹ ይነሣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይተከላሉ፤ አራት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አምስት። ሌሎቹ ተዋንያን ይወጡና ያጨሳሉ፣ ይቦጭቃሉ። እሷ ከሶፋው ላይ ከተነሣች የማይኩ ገመድ ይነቀላል። ስለዚህ ትቀመጣለች። መብራት ሠሪዎቹ መሰላል ሲጎትቱ፣ እሷ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ የሰማችውን ዘፈን ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሰማችው አለቀ። ከዚያ ወዲያ የራሷን ጀመረች። ዜማው መብራቱ ሲነሣ ይነሣል፤ «ዝግጁ!» ሲባል ያልቃል። ግጥሙን ቤት ሄዳ ታጠናቅቀዋለች። በዚህ ዓይነት ሃያ ሦስት ዘፈን ሠራች፤ እያንዳንዳቸው ልክ መብራት የሚስተካከልበትን ያህል የሚረዝሙ። የመጀመሪያውን ለእናቷ ስትዘፍንላቸው ማሽናቸውን አቆሙ። ማሽን ማቆማቸው የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

«ይሄን ማን ነው የዘፈነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ታዲያ ምን አፍሽን አስዘጋሽ?»

«አንቀጽ አሥራ አንድ።»

«እሱን አምጪው፤ በመቀሴ ልቁረጥልሽ» አሉ እናቷ።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ስሕተት ተሠራ። ጋሽ ጆሮ ጥርሱን ሊያስነቅል በወጣበት ቀን፣ ምስልና ድምፅ የሚያቀናጀው ልጅ እግር ባለሙያ አንድ ረጅም ትዕይንት ደረሰው፤ ዋናው ተዋናይ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ የሚተክዝበት። ሙዚቃ ያስፈልገዋል። አቀናባሪው ግን ሙዚቃውን እንደ ልማዱ አላደረሰም። ባለሙያው የድምፅ ፋይሎቹን ሲያገላብጥ አንድ ግሩም እንጉርጉሮ አገኘና «ይኸው መጥቶልኛል» ብሎ ለጠፈው። ሃያ ሰከንድ ነው። መጨረሻው ላይ ዋናው ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ያሳለው ሳል አለበት፤ ያንንም የሙዚቃው አካል መስሎት ተወው።

ድራማው ተላለፈ። በማግስቱ ቤቱን ማን እንዳቃጠለው የሚጠይቅ ጠፋ። ሰው ሁሉ ያን እንጉርጉሮ ነው የሚያንጎራጉረው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ የጥርስ ሐኪሙ። የጥርስ ሐኪሙ ታካሚዎችም አፋቸው እንደ ተከፈተ ያንጎራጉሩት ነበር አሉ። «የማን ድምፅ ነው?» እያለ የሚደውለው በዝቶ የጣቢያው ስልክ ጋለ።

አሁን አቀናባሪውን እናምጣው። ማስትሮ ነው የሚባለው፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ አሥሮ የሚሄድ፣ ሙዚቃ ከሚሠራበት ሰዓት ይልቅ ስለ ሙዚቃ የሚያወራበት የሚበልጥ ሰው ነው። ጭጭ በዚያ ሰሞን ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ሹፌሩ በከፈተው ሬዲዮ ማስትሮ ቃለ ምልልስ ሲሰጥ ሰማች።

«ድምፁ የሰው አይደለም» ይላል ማስትሮ። «ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ በማሽን የፈጠርኩት ነው። የሰው ልጅ ጉሮሮ እንዲህ ያለ ነገር አያወጣም። በቅርቡ ሙሉ አልበሙን አወጣለሁ።»

ጭጭ የያዘችው ብረት በእጇ ውስጥ የሟሟ መሰላት። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ እዚያው አይደለሽ የምትውዪው? እውነት ማሽን ነው?»

ራሷን በኃይል ነቀነቀች። አይደለም! አይደለም!

«አያችሁ» አሉ ሴትዮዋ ለአውቶቡሱ ሁሉ፤ «እሷም ማመን አቅቷታል።»

ከኋላ አንዱ «የዘመኑ ማሽንማ ጉድ ነው!» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ስለ ማሽን ተአምር ማውራት ጀመረ፤ ባለ ድምፅዋ ግን ብረት ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ከራሷ ድምፅ አጠገብ ቆማ ተጓዘች።

ስቱዲዮ ስትደርስ በሩን በእግሯ ነው የከፈተችው። ዳይሬክተሩ ሻዩን እያማሰለ ነበር።

«ድምፁ የኔ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰውዬው አልበም ላወጣ ነው እያለ ነው። አልበሙ ከወጣ በኋላ እኔ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ ብዘፍን ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ማሽኑን ታስመስላለች! የራሴን ድምፅ ሰረቀች ተብዬ ልሞት ነው!»

ዳይሬክተሩ ማማሰሉን አቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ግን አንቺ ተናገርሽ ማለት ድራማው አለቀ ማለት ነው። አርባ ሠራተኛ አለኝ። መብራት የሚያዞሩት፣ ልብስ የምትተኩሰው፣ ሰሃን የሚገዛው... እነሱን ምን ልበላቸው?»

ልብስ የምትተኩሰው ሴት ሦስት ልጆች እንዳሏት ታውቃለች፤ የነገረቻት ራሷ ናት፤ እንደ ሌላው ሁሉ። ወጥታ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ጆሮ ጉንጩ አብጦ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል።

«ሰማሁ» አለ።

«ሬዲዮውን?»

«እሱንም። አንቺ ከዳይሬክተሩ ጋር ስትጮኺም። እኔ የማልሰማው ነገር አለ?» ተነሥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋውን መደርደሪያ በእጁ ዳሰሰው። «ዘጠኝ ዓመት ማይኩ አንቺ ላይ ነበር። መብራት ሲስተካከልም ዘግቼው አላውቅም። ሃያ ሦስቱም እዚህ አሉ፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈባቸው። ከእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ የመሰላል ጎታቹ ስድብ አለ፤ መጨረሻ ላይ ‹ዝግጁ!› የሚለው የዳይሬክተሩ ድምፅ አለ። የማሽን ነው የሚል ካለ ይምጣ።»

ጭጭ ከወለሉ ተነሣች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ጋሽ ጆሮ?»

«ማዳመጥ ነው ሥራዬ። ሥራዬን ወድጄው ነበር» አለ። «ቅዳሜ የቀጥታ ስርጭት ዝግጅት አለ። ማስትሮም ማሽኑን ይዞ ይመጣል። ማይኩን ማን ላይ ላድርገው? እንደ ወትሮው አንቺ ላይ ወይስ ሌላ ሰው ላይ?»

ደረቷን ነካ አድርጋ «እኔ ላይ» አለች።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደረጃው ላይ፣ ከደረጃው የተረፈው ዛፍ ላይ ነበር። ድራማው አሥረኛ ዓመቱን ሊጀምር ነው። ሶፋው ከነትራሱ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ተዋንያኑ ተደርድረዋል፤ እሷ መሐል ናት። እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቀሳቸውን በቦርሳቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ማስትሮ በአዲስ ሻሽ ወጣ፤ ቁልፎቹ እንደ ገና መብራት የሚያበሩ ማሽኑን ዳበሰው፤ ስለ ራሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። ከዚያም ቁልፉን ተጫነ።

እንጉርጉሮው አዳራሹን ሞላው። ሕዝቡ ዓይኑን ጨፈነ። ሃያ ሰከንድ፤ ከዚያ ሳል።

ጭብጨባው ሲያበቃ አስተዋዋቂዋ «ማስትሮ፣ ሁለተኛውን ስንኝ እስቲ ያሰሙን» አለችው።

ማስትሮ እንደገና ተጫነ። ያው ሃያ ሰከንድ፤ ያው ሳል።

«ቀጣዩን ማለቴ ነው።»

ተጫነ። ሃያ ሰከንድ። ሳል።

«ማሽኑን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለ ከላይ ፎቅ አንድ ሰው። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ማስትሮ ሻሹን ላላ አደረገ። «ማሽን ነው... አንዳንድ ጊዜ ይሞቃል» አለ፤ ላቡ ግን የሚወርደው ከማሽኑ አልነበረም።

ጭጭ ተነሣች። ሕዝቡ ሲያያት ሣቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አክስቲቱ ቆማለች! አፏን ልትከፍት ነው! ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው እንዴት ይተነፍሳል? ዳይሬክተሩ ከመጋረጃ ጀርባ ሰሃን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ታየ። ሰሃን አልነበረም። ጋሽ ጆሮ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አንዲት ማብሪያ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ።

ሳሉ ካቋረጠው ቦታ ላይ ጀመረች። በመጀመሪያ በአፍንጫዋ፤ ከዚያ በቃል፦

ልናገር ስል ሲመሽ፣ ዝም ስል ሲነጋ፣
ስንቱን ቀን አሳለፍኩ ከንፈሬን ስዘጋ።

ድምፁ እንዴት ያለ ነበር ብትሉ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይነግሯችኋል። አምፖል ፈነዳ የሚሉ አሉ። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ዓይኑ በራልኝ ብሎ መነጽሩን ወረወረ፤ ሲወጣ ደረጃ ስቶ ወደቀ እንጂ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሳ ሦስተኛውን ስትጀምር ማስትሮ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ነበር። እሷ ቀጠለች። ዘፈኑ ሲያልቅ አራት ደቂቃ ሆኖታል፤ መብራት የሚስተካከልበትን ያህል። መሰላል ጎታቾቹ ከጎን ቆመው እንደ ልጅ ይነፋረቁ ነበር። «ይሄማ የኛ ነው! እኛ መብራት ስናዞር ነው የተሠራው!» ይላል አንደኛው።

ሕዝቡ ቆመ። ወንበሮቹም የቆሙ መሰለ። እናቷ ቦርሳቸውን ጥለው «የኔ ናት! እኔ ነኝ የወለድኳት! እቤት አሁንም ዝም አትልም!» እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያውጁ ነበር።

ዳይሬክተሩ ከመጋረጃ ጀርባ ያዛት። ትልቅ ጠብ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በርቷል።

«በቃ፣ የሆነው ሆነ። አሁን መናገር ስለጀመርሽ በሚቀጥለው ክፍል ትናገሪያለሽ። አገር ይተራመሳል! ማን ነው ቤቱን ያቃጠለው?»

«እኔ ምን አውቄ! ደራሲውን ጠይቀው እንጂ።»

ደራሲው ተጠራ። ጫማውን እያየ ቆመ። «እኔ... ትናገራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቃጣዩን አልወሰነም ነበር።

ለአርባዎቹ ሠራተኞች ስጋት አይግባችሁ። ደራሲው ቤቱን በድራማው ውስጥ እንደገና አስገነባውና እንደገና አቃጠለው፤ አሁን ያየው አጎትየው ነው፤ እሱም መናገር አቁሟል። ልብስ ተኳሿ ሴት ሥራዋ ላይ ናት፤ ሰሃን ገዢውም እንዲሁ። ዳይሬክተሩ ውሏን አምጥቶ አንቀጽ አሥራ አንድን በዚያው በእስክሪብቶው ሠረዘላት። ሁለት ገጽ የምስጋና ንግግርም አድርጎላታል፤ እሷ በአራት ገጽ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ሃያ ሦስቱን ዘፈኖች ጋሽ ጆሮ ቀረጻቸው። ከእንጨት ሥራ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ መጋዙ ምሳ ሲወጣ ብቻ እየቀረጹ፣ ሰባት ወር ፈጀባቸው። ከበሮ መቺዋ ቀድሞ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ የነበረች ሴት ናት፤ ጊታር ተጫዋቹ ደግሞ ዝም ማለት ስለሚወድ ከጭጭ ጋር ሲጣላ የምትጣላው እሷ ብቻ ናት። በአራተኛው ወር ማስትሮ ማሽኑን ብብቱ ሥር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ሻሽ የለውም።

«አጠፋሁ» አለ። «ግን ኦርጋን መጫወት እችላለሁ። ሌላውን ባልችልም ይሄን እችላለሁ።»

ሁሉም ይባረር ብለው ነበር። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጇን አጣምራ «ተጫወት» አለችው። ተጫወተ። መልካም ተጫወተ። ቀጠረችው፤ በአንድ ግዴታ። በየዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ማይክራፎኑን ራሱ ያነሣና ለሕዝቡ «የምትሰሙት ድምፅ የእሷ ነው» ይላል። አሁን እንዲያውም ለምዶት፣ ገበያ ሲሄድም ሳይጠየቅ ይለዋል አሉ።

የአልበሙ የመጀመሪያ ትልቅ ዝግጅት በእሑድ ቀን ነበር። አምስት ሺህ ሰው ገባ፤ በእኔ ግምት ሃምሳ ሺህ። አሥራ ስምንት ዘፈን ተጫወተች። አሥራ ዘጠነኛው ያ እንጉርጉሮ ነው። ሰዉ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እሷም ሌሎች ዘፋኞች ሲያደርጉ እንዳየችው፣ መካከሉ ላይ ስትደርስ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ አዞረች፤ እናንተ ጨርሱት ማለቷ ነው።

ማንም አልጀመረም።

ከበሮው ብቻ ይመታል። ጭጭ ደነገጠች። ያልወደዱት መሰላት። ማይክራፎኑን ይበልጥ ወደ ፊት ዘረጋች። አሁንም ማንም የለም። ያን ጊዜ ከመሐል አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወንበር ላይ ወጥታ እጇን እያወናጨፈች ጮኸች፦

«የራሳችንንማ ድምፅ እቤታችን ስንሰማው ኖርን! አንቺን ልንሰማ ነው የመጣነው፤ ቀጥዪ!»

«ቀጥዪ!» አለ አምስት ሺህ ሰው በአንድ አፍ፤ ጣሪያው እስኪንቀሳቀስ። ማስትሮ ኦርጋኑ ላይ እጁን ጣለ። ከበሮ መቺዋ ፍጥነቱን ጨመረች። ጭጭ ማይክራፎኑን ወደ ራሷ መለሰችና፣ እየሣቀች፣ እንባዋንም በክንዷ እየጠረገች፣ ከመሐሉ ጀምራ እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻውም አልፋ፣ ገና ግጥም ያልተሠራለትን ሁሉ ጨምራ ዘፈነች። የአዳራሹ ጥበቃ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን ሊያሳያት መድረክ ወጣ። በሦስተኛው ቆሞ አብሯት አጨበጨበ።